የእጅ ሥራ ክበብ፦ ዓመቱን በፖስታ ላይ

የእጅ ሥራ ክበብ አባላት ዘንድሮ የሠሩት ፖስታ ነው። መስከረም ላይ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዙ ፖስታዎችን በእንፋሎት እያላቀቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጓቸው። ሲዘረጋ ሁሉም አንድ ወረቀት ነው፤ ፊት፣ ጀርባ፣ ክዳን፣ የጎን መታጠፊያ። ልዩነቱ የሚጣበቀው የት ላይ ነው የሚለው ነው። የሠርግ ጥሪ ፖስታ ከአራቱም ጎን ሾጥጦ መጥቶ መሐል ይገናኛል፤ ያምራል፣ ወፈር ያለ ነገር ሲገባበት ግን መሐሉ ይላቀቃል። የቢሮ ፖስታ ጎንና ጎኑ ስለሚጣበቅ ጭነት ይችላል።

ልኩ የሚነሣው ከሚገባበት ወረቀት ነው። ኤ 4 ወረቀት፣ 210 በ297 ሚሊ ሜትር፣ ለሦስት ሲታጠፍ ዲኤል በሚባለው ረጅም ፖስታ (110 በ220) ይገባል። ለሁለት ከታጠፈ ሲ 5 (162 በ229)፣ ለአራት ከታጠፈ ሲ 6 (114 በ162) ነው። ምስክር ወረቀት መታጠፍ ስለሌለበት ሲ 4 (229 በ324) ይፈልጋል። መደብር ውስጥ ይህንኑ «ኤ 4 ካኪ ፖስታ» ይሉታል፤ ወረቀቱን ከትቶ ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም።

ክበቡ በብዛት የሠራው ሲ 6 ነው፤ ከአንድ ኤ 4 ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ በቁመቱ ይቀመጥና ከታች 100 ሚሊ ሜትር ለጀርባ፣ ቀጥሎ 114 ለፊት፣ ከላይ 45 ለክዳን ይለካል። ስፋቱ 162 ሆኖ፣ በፊቱ ግራና ቀኝ 15፣ 15 ለጎን መታጠፊያ ይተዋል፤ የቀረው ይቆረጣል። የጀርባውና የክዳኑ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሰያፍ ካልተከረከመ ሲታጠፍ ከጎን ያፈነግጣል። መታጠፊያው አስቀድሞ በማስመሪያና ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ይሰመራል። በጣት ብቻ የታጠፈ ፖስታ ሁልጊዜ ይጣመማል።

ማጣበቂያው የዱቄት ሙቅ ነው፤ አንድ ስኒ ዱቄት በአራት ስኒ ውኃ። ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ፍል ውኃ ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል። ከቀጠነ ወረቀቱ ይሸበሸባል። ትልቁ ጥፋት ግን ማብዛት ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ፊትና ጀርባውን ያጣብቀዋል። ስለዚህ ከ15 ሚሊ ሜትሩ መታጠፊያ ወደ መሐል ያለው 4 ሚሊ ሜትር ሳይቀባ ይቀራል፣ እስኪደርቅም ውስጡ ቁራጭ ወረቀት ይገባበታል።

ክዳኑ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ደርቆ ቆይቶ በምራቅ ወይም በውኃ ሲረጥብ እንደገና የሚይዝ ነገር። ይህን የሚያደርገው የግራር ሙጫ ነው። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውኃ ይዘፈዘፍና አድሮ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ለብቻው ሲቀባ ሲደርቅ እየተኮማተረ ክዳኑን ይጠቀልለዋል፤ ጥቂት ጠብታ ማር ሲገባበት ይለሰልሳል። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ሙጫ ነበር።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ ትኩረቱ ወደ ማሸግ ዞረ። የፈተና ወረቀት፣ ትራንስክሪፕት፣ የጨረታ ሰነድ የሚታመኑት ፖስታቸው እንዳልተከፈተ ስለሚታይ ነው። ማህተም ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ጀርባው ላይ ማረፍ አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው የግርጌውንና የጎኑን መጋጠሚያ ነው፤ መስከረም ላይ አባላቱ በእንፋሎት የከፈቱት ከዚያው በኩል ነበርና! የጨረታ ማስታወቂያዎች «በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ» የሚሉት፣ ሰም ሲነቀል ስለሚሰበርና መልሶ እንደነበረ ማድረግ ስለሚያስቸግር ነው።

የተረፉት ፖስታዎች አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። የክረምት እርጥበት የግራር ሙጫን ስለሚያነቃው ክዳኖቹ ተከፍተው፣ በእያንዳንዳቸው መካከል አንድ አንድ ወረቀት ተደርጎ፣ ከወለል ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።