ከቅዳሜው ፊልም በፊት፦ ስለ ዩን ዮ-ጆንግ

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ «ሚናሪ»ን አብረን እናያለን። ከዚያ በፊት አያቲቱን ሆነው ስለተጫወቱት ስለ ኮሪያዊቷ ተዋናይ ስለ ዩን ዮ-ጆንግ ትንሽ ላጫውታችሁ።

የተወለዱት በ1947 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ትወናን በ1966 በቴሌቪዥን ጀመሩ። በ1971 ዳይሬክተር ኪም ኪ-ዮንግ በፊልሙ ላይ የቤት ሠራተኛ አድርጎ አጫወታቸውና ስማቸው ናኘ።

ከዚያ አግብተው ፍሎሪዳ ገቡ። ለዓመታት ከካሜራ ራቁ። በ1980ዎቹ ወደ ኮሪያ ተመለሱ፤ ትዳሩም ፈረሰ። ያኔ እዚያ የተፋታች ሴት በቴሌቪዥን መታየቷን የማይወድ ብዙ ነበር። እሳቸው ግን ትንሽ ነው ትልቅ ነው ሳይሉ የተሰጣቸውን ሁሉ ሠሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ማሳደግ ነበረባቸዋ! እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ይኼ ነው።

በ2010 ያው የቤት ሠራተኛ ታሪክ በሌላ ዳይሬክተር እንደገና ተሠራ። ዩን አሁን አንጋፋዋን ሠራተኛ ሆነው መጡ። ከ39 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለቱንም ፊልሞች ብታገኙ አያምልጧችሁ።

በ2021፣ በ73 ዓመታቸው፣ በዚሁ በ«ሚናሪ» በትወና ኦስካር ያገኙ የመጀመሪያዋ ኮሪያዊት ሆኑ። መድረኩ ላይ ልጆቻቸውንም፣ በሕይወት የሌለውን ኪም ኪ-ዮንግንም አመሰገኑ።

ቅዳሜ ስታዩ፣ ለልጅ ልጃቸው የካርታ ጨዋታ ሲያስተምሩ ፊታቸውን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ደግሞ ከታመሙ በኋላ ያለውን ዝምታ። ተዋናይ ያለ ቃል ምን ያህል መናገር እንደሚችል እዚያ ታያላችሁ።

ሰዓቱ እንደወትሮው ነው። ቡናም አለ።