ላንድሮቨሯን በዕድሜዋ አትፍረዱባት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አሮጌ መኪኖች ከመንገድ ይውጡ የሚል አስተያየት አንብቤ ነበር። ጸሐፊው ስለ ጭስና ስለ ፍሬን ያነሱት ነገር እውነት ነው። እኔም የጣርማበርን ዳገት ጥቁር ጭስ ከሚተፋ መኪና ኋላ ሆኜ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። የማልስማማው መፍትሔው ላይ ነው። መኪና በተሠራችበት ዓመት ተቆጥሮ ትወገድ ማለት ልክ አይደለም። ትመርመርና ይወሰን። ይህን የምለው ላለፉት አራት ዓመታት እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ግቢዬ ውስጥ፣ አንዲት ላንድሮቨር ስፈታና ስገጥም ስለኖርኩ ነው።

መኪናዋ ሲሪስ 3 ናት፣ ረጅሟ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች ያላት። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ነው የተመረተው። የፊት መረቧ ፕላስቲክ ነው፣ ጌጆቿም መሃል ላይ ሳይሆን ከሹፌሩ ፊት ነው የተደረደሩት፣ በዚህ ከቀደሙት ትለያለች። አጎቴ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር ደግሞ ቁልቁል አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ሰውና እህል ሲያመላልሱባት ነው የኖሩት። ከዚያ አቅም አጡና አቆሟት። አሥራ ሁለት ዓመት ባሕር ዛፍ ሥር ቆመች። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ሊወስዳት ሲደራደር ደረስኩ፣ አጎቴንም ለምኜ አስቀረኋት።

ብዙ ሰው ላንድሮቨር አይዝግም ይላል። ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋ ስትወጣ እንግሊዝ ገና ከጦርነቱ አላገገመችም ነበር። ብረት በኮታ ነው የሚታደለው፣ አሉሚኒየም ግን ይገኛል። ስለዚህ አካሏን በአሉሚኒየም ሠሩት። ሻንሲዋ፣ ማለትም መኪናዋን ከሥር የሚሸከመው አፅም፣ እና በሞተሩና በሹፌሩ መሃል ያለው ግድግዳ ግን ብረት ናቸው። ሻንሲው እንደ ሣጥን ዝግ ስለሆነ ጭቃና ውኃ ገብቶ ይተኛበታል፣ ከውስጥ ወደ ውጭም ይበላዋል። ውጪውን ቀለም ከቀቡት ያምራል፣ ገዢም ይሸወዳል።

እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው። ጋሼ የምንላቸው አንድ የድሮ መካኒክ ትንሽ መዶሻ ሰጡኝና ከሥር ግባ አሉኝ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ፣ በየስንዝሩ ቀስ እያልክ ምታው አሉ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የተበላው ብረት ድምፁ ይሞታል፣ ካርቶን እንደ መምታት ድፍ ይላል። እሳቸው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በድምፁ ብቻ "እሱን አልፈው፣ እሱ ደህና ነው፣ ቆይ ተመለስ" ይሉኝ ነበር። የኋላው ተሸካሚ ብረት ጋ ስደርስ መዶሻው ገባ። ዝገቱ ፊቴ ላይ ረገፈ። ያን ቀን ሞተር፣ ቀለም፣ ወንበር የሚባል ሐሳብ ሁሉ ተወኝና ስድስት ወር ሻንሲ ላይ ብቻ ዋልኩ። የተበላውን ቆርጦ አዲስ ብረት የበየደው ሥራውን የሚያውቅ በያጅ ነው። እኔ አልነካሁትም፣ ማንም የብየዳ ልምምዱን ሻንሲ ላይ እንዳያደርግ እለምናለሁ። አሉሚኒየሙ ብረቱን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ እየቆረጥኩ መሃሉ አስገባሁ። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል።

አንድ የደረሰብኝን ነገር ደግሞ ልናገር፣ ምናልባት የአንድ ሰው እጅ ያተርፍ ይሆናል። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ጎማ ላይ አይደለም የሚይዘው። ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሳችሁት ዲፍረንሻሉ፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ማርሽ፣ አየር ላይ ያለው ጎማ እንዲዞር ይፈቅድለታል፣ መሬት ላይ ያለውም ይንከባለላል። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ብትጎትቱትም አይይዝም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ታኮ አላደረግኩም። ጎማውን ፈትቼ አውጥቼ ነበር፣ ልጄም ቁልፍ ሊያቀብለኝ ጎንበስ ብሏል። መኪናዋ አንድ ጊዜ ሸርተት አለች፣ ክሪኩ ተጋደመ፣ የጎማው ታምቡር መሬቱ ውስጥ ገባ። የልጄ እጅ ከዚያ ቦታ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊትና ኋላ ታኮ ሳላደርግ፣ ሻንሲውንም ሰፊ እንጨት ላይ ሳላስቀምጥ አንድ ብሎን አልፈታም። ልጄም ሥራው ተጀምሮ እስኪያልቅ በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው።

የፍሬኑ ሸራም እንዲሁ ነው። የዚያን ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ይኖረዋል። አቧራውን በአፍ ወይም በአየር ፓምፕ እፍ ማለት ሳንባን መግደል ነው። በውኃ አርሳችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት።

ወደ ማሻሻያው ልምጣ፣ የአስተያየት ጸሐፊውን ያስቆጣቸውም ይሄ ይመስለኛል። ሞተሩን አውጥቶ የቶዮታ ናፍጣ መግጠም የተለመደ ነው። ለእኔም ሁሉም ሰው ይህንኑ መከረኝ፣ ቤንዚኗ ጉልበት የላትም፣ ትጨሳለች፣ ትበላለች እያለ። እኔ ግን መጀመሪያ ለምን እንደምትጨስ ማወቅ ፈለግኩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም፣ ለቆላ የተለካውን ቤንዚን እዚህም ያፈሳል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ጭሱም ይመጣል። ጋሼ ካርቡራተሩን ፈትተው ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ አሳዩኝ፣ የሩዝ ፍሬ አታክልም። በጠበበች ቀየርናት። ከሳምንት በኋላ ካንዴላውን ስፈታው የቡና ቀለም ይዟል። ጭሱ ጠፋ። ያቺ 2.25 ሊትር ሞተር አሁንም አትሮጥም፣ ግን ያቅሟን ያህል ትጎትታለች። ስንቱ ደህና ሞተር በዚች ቀዳዳ ምክንያት ወጥቶ ተጥሏል?

ናፍጣ የሚገጥመውን አልኮንንም። ብዙ መንገድ የሚሄድበት ሰው ምክንያት አለው። ግን ሞተሩ እንዲገባለት ግድግዳውንና ሻንሲውን በግራይንደር የሚቆርጠው ሰው መኪናዋን ገድሏታል። ከባዱ ሞተር ፊቷን ይጫነዋል፣ ባሌስትራው፣ የተደራረበው የብረት ሞላ፣ ይተኛል፣ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ግን የድሮው ነው። ትልልቅ ጎማ የሚያስገባውም እንዲሁ። 7.50-16 ጎማ እንድትይዝ የተሠራች መኪና ላይ ግዙፍ ጎማ ሲገባ ያማረ ይመስላል፣ ዳገት ላይ ግን የኋላው አክስል ውስጥ ያለው ዘንግ ቀጭ ይላል። እንዲህ ያሉ መኪኖች መንገድ ላይ ተጋድመው ሲታዩ ነው ሰው ሁሉንም አሮጌ መኪና የሚጠላው።

እኔ የቀየርኩት ሲፈታ የሚመለስ ነገር ብቻ ነው። ፍሬኗ በአንድ የዘይት መስመር ነበር የሚሠራው፣ አንድ ጎማ ጋ ከፈሰሰ አራቱም ያከትምላቸዋል። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ማስተር ሁለት መስመር ባለው ቀየርኩላት። ለሁሉም ወንበር ቀበቶ አስገባሁ። የፊት መብራቱን ገመድ አዲስ ዘረጋሁ። የኋላዎቹን ወደ ጎን የሚያዩ ወንበሮች ትቼ ወደ ፊት የሚያዩ አደረግኳቸው፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ጎን ዞሮ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን አጎቴ ያውቃሉ። የወጣው ዕቃ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት ማዳበሪያ ውስጥ ተቀምጧል።

መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አልቆጥረውም። እዚያ ያሉ ሽማግሌ ነጋዴዎች ዕቃውን አይታችሁት ሳትጨርሱ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ ይነግሯችኋል። ይህ እውቀት የትም አልተጻፈም። ጋሼ ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሟል፣ አሁን በጣታቸው ነው ብሎን የሚለኩት። ጋዜጣችሁ አንድ ጊዜ እነዚህን ሰዎች ሄዶ ቢያነጋግር ደስታዬ ነው።

ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ያለን መኪና ያለን ነው፣ ጠግነን መያዝ ግድ ይለናል። እንግዲያው ሞተር የቀየረ፣ ሻንሲ ያስጠገነ ሰው ከመጀመሪያው ምን ማቅረብ እንዳለበት በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጠው። አንድ ጓደኛዬ ሻንሲውን አንድ ብየዳ ቤት ሰጥቶ፣ ዝገት ሲያጸዱ ቁጥሩን አብረው ፋቁለት። በሲሪስ መኪኖች ላይ የሻንሲው ቁጥር ከፊት በቀኝ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት ብረት ላይ ነው የተመታው። ሊብሬው እጁ ላይ እያለ መኪናው ስምንት ወር ቆመ፣ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ወገቡ ተቆረጠ። ሌባ አይደለም፣ መኪናውን ያዳነ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው መሐንዲስ አይቶ የሚፈርምበት መንገድ ይኑር። ላንድሮቨር ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት ያንን ቦታ በኖራ ክበቡት፣ ፎቶም አንሱት።

የእኔዋ ባለፈው ወር ምርመራ አልፋ ቦሎዋን ለጥፋለች። ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ አጎቴን ይዤ አልዩ አምባ ልወርድ ነው። ሰሞኑን ግቢ ውስጥ ሲያለማምዱኝ ነው የከረሙት። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቁም፣ ከባዱን ማርሽ የሚያስገባውን ቀዩን እጀታ ወደ ኋላ ጎትት፣ አንደኛ ማርሽ አስገባና እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንሳ፣ እሷ ራሷ ይዛህ ትወርዳለች ይሉኛል።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን