ኾቭድ ባዶ ሜዳ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በዓለም አቀፍ ገጻችሁ ስለ ሞንጎሊያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አራት ኪሎ አካባቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር ሆነን አንብበነዋል። የአማርኛ አንባቢ ከጎረቤት አገሮች አልፎ ስለ መካከለኛው እስያ የሚያነብበት ዕድል ጥቂት በመሆኑ ለርእሰ ጉዳዩ ገጽ መስጠታችሁ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ አገሪቱን «ማለቂያ የሌለው ባዶ ሜዳ»፣ ነዋሪዎቿንም «አንድ ዘላን ሕዝብ» ብሎ ማለፉን የጂኦግራፊ መምህር እንደመሆኔ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ተማሪዎቻችን ጋዜጣችሁን ቆርጠው ለክፍል ሥራ ያመጣሉ፤ ከግድግዳችን ላይ ያለው የዓለም ካርታም ሞንጎሊያን በአንድ ቀለም ቀብቶ ከዋና ከተማዋ ከኡላንባታር በቀር ይህ ነው የሚባል ስም ስለማያሳይ፣ ስሕተቱ ሳይታረም ከካርታው ጋር ተደጋግፎ ይኖራል። ስለዚህ አንድ የገጠር ክፍለ ሀገር መርጬ፣ እርሱም ኾቭድ ነው፣ መሬቱንና ሕዝቡን በተቻለኝ መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ። በዚህ ደብዳቤ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋና ክረምት ስልም የዚያን አገር ሞቃትና ብርዳማ ወቅት ማለቴ ነው።

ሞንጎሊያ ከዋና ከተማዋ ሌላ በ21 ክፍላተ ሀገር የተዋቀረች ስትሆን፣ በአገሩ ቋንቋ ክፍለ ሀገሩ አይማግ፣ ከሥሩ ያለው ወረዳ ሱም፣ የመጨረሻው ቀበሌ ደግሞ ባግ ይባላል። ኾቭድ በምዕራብ፣ በአልታይ ተራሮች ላይ ተንጠልጥሎ በደቡብ በኩል ከቻይና ጋር የሚዋሰን፣ 76,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋና 17 ሱሞች ያሉት አይማግ ነው። ዋና ከተማው፣ ስሟም ኾቭድ የሆነው፣ ከኡላንባታር ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ሰዓቷም ከዋና ከተማዋ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጠራል። የአይማጉ ሕዝብ መቶ ሺህ አይሞላም። ይህን ቁጥር ከስፋቱ ጋር አካፍሎ የተመለከተ ጸሐፊ «ባዶ» የሚለው ቃል ቢቀናው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ሰው እንደሚደርስ ማወቅ፣ መሬቱ በማንና መቼ እንደሚሠራበት ማወቅ ማለት አይደለም።

በመጀመሪያ ሜዳ የሚለውን እንመልከት። የሞንጎል አልታይ ሰንሰለት አይማጉን ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሰንጥቆት ያልፋል። ከአገሪቱ ተራሮች በከፍታ ሁለተኛው የሆነው ሞንኽ ኻይርኻን በዚያው ይገኛል፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሚነሣ በረዶው በበጋም አይለቀውም። ከምዕራብ የሚመጣውን እርጥበት ተራራው አስቀድሞ ስለሚያስቀረው በስተ ምሥራቅ ያለው ቆላ የሚያገኘው ዝናብ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በኾቭድ ከተማ ዓመቱን በሙሉ የሚወርደው ከ150 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በጥር ወር ቅዝቃዜው በአማካይ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ይወርዳል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ደረቅ ስፍራ ሰውና ከብት የሚኖረው ከሰማይ በሚወርደው ሳይሆን ከተራራው ቀልጦ በሚመጣው ውኃ ነው።

ያንን ውኃ ተከትሎ መሄድ መሬቱን ለመረዳት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል። የኾቭድ ወንዝ በጎረቤቱ አይማግ በባያን ኦልጊ ከታቫን ቦግድ የበረዶ ግግሮች ተነሥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ኻር ኡስ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ የእኛው አዋሽ ከደጋ ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር ሁሉ፣ ይህም ወንዝ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው። ኻር ኡስ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ዳርቻውን ሰው የሚውጥ ሸምበቆ ወርሶታል፤ በዚያ ሸምበቆ ውስጥ በዓለም ላይ ቁጥራቸው የተመናመነው የዳልማሽያ ፔሊካኖችን ጨምሮ ብዙ ዓይነት የውኃ ወፎች ይጠለላሉ። አካባቢው በ1997 ብሔራዊ ፓርክ ተደርጓል። ከኻር ኡስ የሚወጣው ቾኖ ኻራይኽ የተባለ ወንዝ ወደ ኻር ሐይቅ ይፈስሳል፣ ከዚያም ውኃው እስከ ዶርጎን ሐይቅ ይደርሳል። እዚህ ላይ አንድ ለተማሪ የሚያስደስት ነገር አለ፤ መውጫ ያለው ኻር ኡስ ውኃው ጣፋጭ ሲሆን፣ መውጫ የሌለው ዶርጎን ግን ጨዋማ ነው፤ ምክንያቱም ከዶርጎን ውኃው የሚወጣው በትነት ብቻ ስለሆነ ወንዙ ያመጣው ጨው ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። በቾኖ ኻራይኽ ላይም ከ2008 ጀምሮ 12 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ማመንጫ ይሠራል። ተራራ፣ ወንዝ፣ ረግረግ፣ ጨው ሐይቅና ከፊል በረሃ በአንድ አይማግ ውስጥ ተደርድረው ሳሉ አገሩን በሙሉ ሜዳ ማለት እንዴት ይቻላል?

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ስለ ሕዝቡ የተባለው ነው። በሞንጎሊያ በጠቅላላው ከ10 ሰዎች ከስምንት በላይ ኻልኻ ከሚባለው የሞንጎል ወገን መሆናቸው እውነት ነው፤ «አንድ ሕዝብ» የሚለውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በኾቭድ ግን ኻልኻዎች የሕዝቡ ሲሶ እንኳ አይሞሉም። ዛኽቺን፣ ቶርጉት፣ ኦልት፣ ዶርቮድ፣ ሚያንጋድ፣ ኡሪያንኻይና ካዛክ እየተጎራበቱ ይኖራሉ፤ ሱሞቹም አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ወይም በሌላው ስለሚታወቁ፣ ሰውየው ከየትኛው ሱም እንደመጣ ከተናገረ ከየትኞቹ ወገን ሊሆን እንደሚችል አድማጩ ይገምታል። ማንኻን፣ ኡየንችና ዘረግ ሲባል ዛኽቺን፣ ቡልጋን ሲባል ቶርጉት፣ ኤርደነቡረን ሲባል ኦልት፣ ዱት ሲባል ኡሪያንኻይ ይታሰባል፤ ሚያንጋዶችም በስማቸው የሚጠራ ሱም አላቸው።

ይህ ስብጥር የታሪክ ውጤት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ኦይራት ከሚባሉት ምዕራባውያን ሞንጎሎች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ የኦይራቶች የመጨረሻው ታላቅ መንግሥት ዙንጋር በ1750ዎቹ ያኔ ቻይናን ይገዙ በነበሩት በማንቹዎች ድል ተደርጎ ፈርሷል። ዛኽቺኖች በዚያ መንግሥት ዘመን የድንበር ጠባቂዎች ነበሩ። ቶርጉቶች ደግሞ አንድ ክፍላቸው እስከ ቮልጋ ወንዝ ዘልቆ ከመቶ ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ በ1771 እጅግ ብዙ ሰው ያለቀበትን ጉዞ አድርጎ ወደ ምሥራቅ የተመለሰ ነው። ማንቹዎች በኾቭድ ከተማ ያሠሩት የጭቃ ግንብ ፍራሹ ዛሬም ይታያል፤ ሞንጎሊያ በ1911 ነፃነቷን ባወጀች ማግስት ይህ ምሽግ አልበገርም ብሎ ቆይቶ በነሐሴ 1912 በሞንጎል ጦር እጅ ወድቋል። ካዛኮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአልታይ ማዶ እየተሻገሩ የሰፈሩ፣ ቋንቋቸው ከቱርክ ቋንቋዎች የሚመደብ ሙስሊሞች ናቸው። በ1940 አብዛኛው ነዋሪ ካዛክ የሆነበት ባያን ኦልጊ ራሱን የቻለ አይማግ ሆኖ ከኾቭድ ሲቆረጥ፣ ከእነርሱ ጥቂት የማይባሉት በኾቭድ ቀርተዋል። የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ብዙዎች ወደ ካዛክስታን ሄደዋል፤ ኑሮው ያልተስማማቸውም ተመልሰዋል።

ልዩነቱ በመዝገብ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ከቤቱ ይጀምራል። ሞንጎሎች ጌር የሚሉት ድንኳን የሚጣጠፍ የእንጨት ርብራብ ግድግዳ፣ ከግድግዳው እስከ ጣሪያው ቀለበት የሚዘረጉ ወጋግራዎችና ከላይ የሚለብስ የበግ ጠጉር ንጣፍ አለው። የሞንጎሉ ወጋግራ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ነፋስን ይቋቋማል፤ የካዛኩ ወጋግራ ግን ከግርጌው ጎበጥ ስለሚል ቤቱ ከፍና ሰፋ ይላል፣ ውስጡም በእጅ በተጠለፈ ደማቅ የግድግዳ ጨርቅ ይሸፈናል። የምዕራብ ሞንጎሎች ቢየልጌ የሚባል ጭፈራ ደግሞ የተወለደው በዚሁ ቤት ጥበት ውስጥ ነው። ጨፋሪው በምድጃው ፊት ባለችው ጥቂት ስፍራ ግማሽ ተቀምጦ ወይም እግሩን አጣጥፎ በትከሻው፣ በክንዱና በደረቱ ይጨፍራል፤ ወተት ማለቡን፣ ምግብ ማብሰሉንና አደኑን በእጁ ያሳያል፤ የየወገኑ እንቅስቃሴም ይለያያል። ኡሪያንኻዮች በረጅም የጀግንነት ግጥም ዜማቸው ይታወቃሉ። ጃርጋላንት ኻይርኻን በተባለው ተራራ ግርጌ ያለው ቻንድማን ሱም ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ የሚያወጣበት የኾሚ ዜማ መፍለቂያ ተብሎ በአገሩ ሁሉ ይከበራል።

አሁን ወደ «ባዶ» ልመለስ። በበጋ አንድ እንግዳ በኾቭድ ተራሮች ጥግ ቢያልፍ፣ ከነፋስ በተከለለና ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ሰው የሌለበት የድንጋይ በረት ያያል። ወለሉ ለዓመታት በበጎችና በፍየሎች ተረግጦ የጠጠረ ፋንድያ ነው። ያ ወለል ከብቱን ከበረዶው መሬት ስለሚለየው በጥር ሌሊት ሕይወት ያድናል፤ ሲበዛም በአካፋ እየተቆረጠ ለአጥር ይሆናል፣ ይነድዳልም። የላሙና ያክ የሚባለው ጠጉራም የተራራ ከብት ኩበት ለብቻው እየተለቀመ ለማገዶ ይከመራል። ይህ የአንድ ቤተሰብ የክረምት ሰፈር ነው፤ በዙሪያው ያለው ሣር በበጋ የማይነካው ለክረምት እንዲተርፍ ሆን ተብሎ ስለተጠበቀ ነው። ቤተሰቡ በዚያን ጊዜ ከፍ ካለው ቀዝቃዛ ግጦሽ ላይ ነው፤ መኸርንና ጸደይን ሌላ ቦታ ያሳልፋል። በ1992ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የግጦሽ መሬት ለግለሰብ በግል ሀብትነት አይሰጥም፤ የክረምት ሰፈሩን ግን ቤተሰቡ በይዞታ ሊያስመዘግበው ይችላል። በእኛም አገር ቢሆን የአርብቶ አደሩ የተጠበቀ ግጦሽ ባዶ መሬት እየተባለ ሲነገር ስለሰማሁ፣ ቃሉ በጋዜጣ ላይ ሲወጣ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፋችሁ ስለ ከብቱ እልቂት የጻፈው ትክክል ቢሆንም ምክንያቱን ለአየር ጠባይ ብቻ ሰጥቶታል። ዙድ የሚሉት የክረምት መቅሠፍት ብዙ መልክ አለው። በረዶው ጥልቅ ሆኖ ሣሩን ሲቀብር ነጭ ይባላል፤ ከነጭራሹ ሳይጥል ቀርቶ ከብቱ የሚልሰው ውኃ ሲያጣ ጥቁር፤ የቀለጠው መልሶ ሲጋገር ደግሞ ብረት ይባላል። በ2009 እና 2010 ክረምት በአገሪቱ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት አልቋል፤ በ2023 እና 2024 ክረምትም ከሰባት ሚሊዮን በላይ። ነገር ግን ከ1990 በኋላ የሶሻሊዝሙ ዘመን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈርሰው ከብቱ ለየቤተሰቡ ሲከፋፈል፣ ለክረምት ድርቆሽ ያከማችና የጉድጓድ ውኃን ይንከባከብ የነበረው አሠራርም አብሮ ፈርሷል። ጥሬ ገንዘብ የሚያመጣው ካሽሚር የተባለው ለስላሳ የፍየል ጠጉር በመሆኑ በ1990 አምስት ሚሊዮን ያህል የነበረው ፍየል በ2018 27 ሚሊዮን ደርሷል፤ ፍየል ሣሩን ከሥሩ ስለሚነጭ ግጦሹ ተዳክሟል። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደርም ድንኳኑን ጭኖ ወደ ኡላንባታር ዳርቻ ይሄዳል፤ ከአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዛሬ በዚያች ከተማ የሚኖረው በአየር ጠባይ ብቻ አይደለም።

በጽሑፋችሁ ግብርና የለም መባሉም ለኾቭድ አይሠራም። በቡያንት ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማው የኾቭድ ሐብሐብ በመላ አገሪቱ ስሙ የታወቀ ነው። የሰው ልጅ በአካባቢው ምን ያህል ዘመን እንደቆየም የማንኻን ሱም ዋሻ ይመሰክራል፤ በኾይድ ጸንኸር ዋሻ ግድግዳ ላይ ዛሬ በዚያ አገር የማይገኙት ማሞት የተባለው የጥንት ጠጉራም ዝሆንና ሰጎን በቀይና በቡናማ ቀለም ተሥለዋል። በዚያው በማንኻን ጥብቅ ስፍራ የሚኖረው ሳይጋ የተባለው አጋዘን መሰል እንስሳ በ2016 እና 2017 ከቤት ፍየሎችና በጎች በተዛመተ ወረርሽኝ ከግማሽ በላይ አልቋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ባዶ ሜዳ» እና «አንድ ዘላን ሕዝብ» የሚሉት አገላለጾች በሚቀጥለው እትም እንዲታረሙ። ሁለተኛ፣ ስለ አገሪቱ ዳግም ስትጽፉ ከዋና ከተማዋ ሌላ ቢያንስ አልታይን፣ የኾቭድን ወንዝና ሐይቆቹን የሚያሳይ ካርታ ከነስማቸው በአማርኛ እንድታትሙ፤ ተማሪዎቼ ቆርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ሦስተኛ፣ የየአይማጉን ሕዝቦች እነርሱ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም እንድትጠሩ። ካርታውን ለማዘጋጀት የሚረዳ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔና ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ