ለሕፃን መጫወቻ ስንገዛ ጉሮሮውንም እናስብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በዓል ሲቃረብ የደሴና የኮምቦልቻ ሱቆች በሚያበሩና በሚዘፍኑ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ይሞላሉ። ዒድም ይሁን እንቁጣጣሽ፣ አጎት ባዶ እጁን መምጣት ስለሚያፍር ደማቁንና የሚጮኸውን መርጦ ያነሣል። ልጁ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው መጫወቻውን ጥሎ ካርቶኑን ይዞ ቁጭ ይላል፤ ቤተሰቡም «ይሄ ልጅ ዕቃ አያውቅም» ይላል። ያወቀውስ ልጁ ነው። ካርቶን ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ዕቃ ይከተትበታል፣ ይገለበጣል። የሚዘፍነው መኪና ግን ቁልፍ ከመጫን ሌላ ለልጁ የተወለት ሥራ የለም። በሕፃናት እንክብካቤ ሙያ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ እንደመሆናችን፣ የገበያው ወቅት ሳይደርስ ጥቂት ነገር ለማለት ፈለግን።

መጫወቻ የሚመረጠው ልጁ በዚያ ሰሞን ደጋግሞ የሚያደርገውን አይቶ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ይህም የምታጠባው እናቱ ፊት የሚገኝበት ርቀት ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሰው ፊትና ድምፅ የሚበልጥ መጫወቻ ስለሌለ ገንዘቡን ማቆየት ይሻላል። በ4 ወሩ ገደማ እጁን መዘርጋት ይጀምራል፤ በ6 ወሩ ዕቃን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ የያዘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ይህ ርሃብም መጥፎ ጠባይም አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ነገርን የሚመረምረው በከንፈሩና በምላሱ ጭምር ነው። «እፍ! ቆሻሻ!» እያሉ እጁን ከመምታት፣ የሚታጠብና የማይሰበር ነገር መስጠት፤ ለምሳሌ ቀለም ያልተቀባ የእንጨት ማንኪያ።

ከ9 እስከ 12 ወር ያለው ደግሞ መጣል ይወድዳል። ታነሡለታላችሁ፣ ይጥላል፤ ደግማችሁ ታነሣላችሁ፣ ይጥላል። «እልኸኛ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ግን የወደቀው ነገር የት እንደሚሄድ፣ ከዓይን ሲሰወር መኖር አለመኖሩን፣ እናንተም ምን እንደምታደርጉ እየመረመረ ነው። ፊትን ሸፍኖ እየገለጡ «አኩኩሉ» ማለት በዚህ ዕድሜ የሚያስቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚህ ልጅ የሚበጀው የካልሲ ኳስና መያዣ ነው። ኳሱን ለመሥራት ያረጀ የጥጥ ካልሲ ታጥቦ ከልብስ ሰፊ በተገኘ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፤ ወርዱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አፉ በጠንካራ ክር ሁለት ጊዜ ይሰፋል። ፌስታል መጠቅጠቅ አይገባም፤ ስፌቱ ከተተረተረ ፌስታሉ አፍንጫና አፍ ላይ ተለጥፎ ያፍናል። ዓይንና አፍ ማበጀት የሚፈልግ በክር ይጥለፈው እንጂ ቁልፍ አይስፋበት። ለመያዣነት ክዳን ያለው ሙዳይ ግሩም ነው። በየቤታችን ያለው ሙዳይ ግን ብዙ ጊዜ ዛጎልና ጨሌ የተንጠለጠለበት ስለሆነ ለሕፃን አይሆንም። ጌጥ የሌለውን፣ የሰንደዶው ጫፍ ያላፈተለከውን መርጦ መስጠት ነው።

ከዓመት በኋላ መደራረብ ይመጣል። ልጆች ቢለያዩም በ15 ወር 2፣ በ18 ወር 3 ወይም 4፣ በ2 ዓመት 6 ያህል ኩብ ይደራርባሉ። ይህን ከሱቅ መግዛት የግድ አይደለም፤ ማንኛውም የእንጨት ሥራ ቤት ከዋንዛ ትርፍራፊ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 10 ኩቦች ይቆርጣል። ማዕዘናቸው በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ድረስ መታሸት አለበት። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስንጥሩ እጅ ላይ ስለሚገባ አይመረጥም። ቀለምም ቫርኒሽም አያስፈልግም፤ ልጁ መላሱ አይቀርምና። በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ዓይነት መጫወቻ ብቻ አውጥቶ ሌላውን መደበቅና በየሳምንቱ መለዋወጥ ይጠቅማል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲዘረገፍ ልጁ አንዱንም ጠበቅ አድርጎ ሳይዝ ከዚህ ወደዚያ ይባክናል።

ከ1 ዓመት ከመንፈቅ እስከ 3 ዓመት ስላለው ለቅሶና መንከባለል ብዙ ቤተሰብ ይጨነቃል። የ2 ዓመት ልጅ የሚናገረው ቃል ገና ውሱን ነው፤ የሚፈልገው ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስሜትን የሚገታው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ የሚሄድ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ የተዘረረውን ልጅ መምከር ትርፉ ድካም ነው። የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ በርከክ ብሎ ከዓይኑ ትይዩ መሆን፣ «ተናድደሃል፤ እዚህ ነኝ» ብሎ ዝም ማለት ይበቃል። አብዛኛው በ5 ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ያስለቀሰውን ነገር በለቅሶው መካከል መስጠት ግን አይገባም፤ ነገም መንገዱ ይኸው መሆኑን ይማርበታል። ቀድሞ መከላከሉ ይበልጣል፦ ከጨዋታ ከማንሣት በፊት ማስጠንቀቅ፣ «ይሄን ነው ያንን?» ብሎ ሁለት ምርጫ መስጠት፣ እንቅልፉን መጠበቅ። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠባዩ ተበላሸ ከሚባለው ልጅ መካከል እንቅልፍ ያጣው ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛው የአዋቂዎች ልማድም ይወቀስ። ዕቃ አሳይቶ «እንቁልልጭ!» እያሉ መንፈግ ለአዋቂው ሳቅ ነው፤ ልጁ ሲናደድ ግን «ቀበጥ» ይባላል። «አያ ጅቦ መጣ»፣ «ዶክተሩ ይወጋሃል» እያሉ ማስፈራራትም ልጁ በታመመ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ዘመድ ሲሰበሰብ የ2 ዓመት ልጅ «የኔ!» ብሎ ቢይዝ ስስት አይደለም፤ ተካፍሎ መጫወት ገና አልደረሰበትም። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የሚወድደውን አንዱን መጫወቻ መደበቅ፣ ከሌላው ሁለት ሁለት ማቅረብ ጠቡን ያቀልለዋል። የነከሰን ልጅ መልሶ መንከስ ግን እንደሚነከስ ከማስተማር በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን ዋናውን እንበል። ካርቶን ላይ ቀይ ክብ ውስጥ የልጅ ፊትና «0-3» ተጽፎ በሰያፍ መስመር ከተሰረዘ፣ ዕቃው ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም ማለት ነው። ብዙ ወላጅ «የኔ ልጅ ፈጣን ነው፣ ይችለዋል» ብሎ ይገዛል። ምልክቱ ስለ ጉብዝና አይደለም፤ በትንንሽ ዕቃ ስለ መታነቅ ነው። በመጫወቻ ፍተሻ የሚሠራበት መለኪያ ወርዱ 3.17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ነው፤ ዕቃው ወይም ተገንጥሎ የሚወጣ አካሉ ተጨምቆ ሳይሆን እንዲሁ ሙሉ በሙሉ ከገባበት ለዚያ ዕድሜ አይሆንም። ኳስ ከሆነ ደግሞ ከ4.45 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል መሃሉ ላይ ያለው ካርቶን 4 ሴንቲ ሜትር ስለሚያህል ለኳስ ባይበቃም ለሌላው ዕቃ ፍተሻ ይሆናል። የሃይላንድ ክዳን 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና ያልፋል። ሃይላንድ ውስጥ ሽምብራ ጨምሮ ማንሿሿት የተለመደ ነው፤ ክዳኑ ሲላላ ግን ልጁ ሁለት አደጋ ባንድ ጊዜ ያገኛል፤ ክዳኑንም ሽምብራውንም። ከተሠራ ጠርሙሱ ራሱ ካልሲ ውስጥ ገብቶ አፉ ይሰፋ። ፊኛም ሲፈነዳ ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ስለሚለጠፍ ለሕፃን አይሰጥ። ቡና ሲፈላ ወለል ላይ የሚበተነው ፈንድሻና ከእጅ የሚያመልጠው ቆሎም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያው ነው።

ከሁሉም የከፋችው ክቧ ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። በሚያበራ ጫማ፣ በሚዘፍን አሻንጉሊት፣ በመኪና ሪሞት ውስጥ ትገኛለች። 2032 የተጻፈባት ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ጉሮሮ ላይ ከቆመች ኤሌክትሪኳ ከእርጥበቱ ጋር ተገናኝቶ እንደ አልካላይን ኬሚካል ያለ ቃጠሎ ያመጣል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። አልቋል ተብላ የተጣለችውም ለዚህ የሚበቃ ኃይል አላት። መጀመሪያ ላይ ልጁ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለሃጭ ማብዛት፣ ሳል፣ ምግብ እምቢ ማለት ምልክቶች ናቸው። ልጁ ውጧት ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ሰው ሳያስታውከው ወዲያውኑ ኤክስሬይ ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰደው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነና ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈ፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) ማር እስከ 6 ጊዜ መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል። ማር ፍለጋ ግን መንገዱን አያዘግየው። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ማግኔትም እንደ ባትሪዋ አደገኛ ነው፤ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው ይበሱታል።

አየር ያጣ ሕፃን ሲገጥም ጣትን አፍ ውስጥ ከትቶ ማሰስ ዕቃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። እያሳለ ከሆነ ይሳል። ድምፅ ካጣና ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ከሆነ፣ ክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ የደረቱን አጥንት መሃል በአንድ እጅ መዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ ማፈራረቅ። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከ5 ምት በኋላ ከእምብርቱ በላይ ሆዱን 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋት። ራሱን ከሳተ የልብና የትንፋሽ እርዳታ (ደረትን እየጫኑ በአፍ ትንፋሽ መስጠት) ይጀመራል።

ጎማ ያለው የሕፃን መራመጃ ደግሞ አይገዛ። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች። መራመድን አያፋጥንም፤ ልጁን ግን በቅጽበት ደረጃ ላይ ወይም የከሰል ምድጃው ጋ ያደርሰዋል።

ነጋዴዎቻችን የባትሪ ቤቱ በብሎን የማይታሰረውን መጫወቻ ባያመጡልን ደስታችን ነው። ከእናንተ የምንለምነው ደግሞ ቀላል ነው፦ ከበዓል በፊት ባለው እትም ወርዱ በትክክል 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ አትሙልን። አንባቢ ቀድዶ ወፍራም ካርቶን ላይ ይለጥፈው፣ መሃሉን ይቁረጠው፣ ኪሱ ይዞ ገበያ ይውጣ፤ በቀዳዳው የሚያልፈውን ዕቃ ለባለ ሱቁ ይመልስለት።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት እንክብካቤ የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ
ደሴ