ታዳጊ ሴቶቻችን በዓመት ስንት ጨዋታ ያገኛሉ?

ሰላም ለስፖርት ገጹ አዘጋጅ፣

ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫን በሚመለከት አንድ ነገር ልበላችሁ ብዬ ነው። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሞሮኮ ላይ 24 ቡድኖች ተጫውተው ሰሜን ኮሪያ ኔዘርላንድስን 3 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ውጤቱን እናንተም ጽፋችሁታል። የቀረው ወሬ ግን ለእኛ ከውጤቱ ይበልጣል። ይህ ውድድር ድሮ በሁለት ዓመት አንዴ ነበር፣ ያውም በ16 ቡድን። አሁን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ በየዓመቱ እዚያው ሞሮኮ ይካሄዳል። በጥቅምቱ ውድድር ከአፍሪካ አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ ዛምቢያና ኮትዲቯር። ዛሬ 14 ዓመቷ የሆነች ልጅ አንዴ ብትወድቅ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መሞከር ትችላለች ማለት ነው። ይህ ዕድል በብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ በእነሎዛ አበራ ጊዜ አልነበረም።

ታዲያ ምን እያደረግን ነው?

የአፍሪካ ማጣሪያ በደርሶ መልስ ጥሎ ማለፍ ነው። እንደ ወንዶቹ አንድ አገር ላይ ተሰብስቦ የሚካሄድ የታዳጊ ሴቶች አፍሪካ ዋንጫ የለም። ሁለት ጨዋታ ተጫውተህ ከተሸነፍክ አበቃ። ልጆቹ ማጣሪያ ሲደርስ ይጠራሉ፣ ትንሽ አብረው ይሠራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከወደቁ በየሰፈራቸው ይበተናሉ። ከዚያ በእነሱ ዕድሜ የሚጫወቱበት ቋሚ ሊግ ከሌለ ያቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ምን ላይ ነው ራሷን የምታሳድገው? በልምምድ ብቻ ተጫዋች አይወጣም።

ኬንያን ተመልከቱ። በ2016 ዓ.ም. በማጣሪያው እኛን የጣሉን እነሱ ናቸው። ከዚያ ቡሩንዲን አልፈው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወደተካሄደው ዓለም ዋንጫ ገቡ፤ በኬንያ እግር ኳስ ታሪክ ከዚያ በፊት ወንድም ሆነ ሴት የትኛውም ብሔራዊ ቡድን ዓለም ዋንጫ ረግጦ አያውቅም ነበር። በእንግሊዝና በሰሜን ኮሪያ ተሸነፉ፣ ሜክሲኮን ግን 2 ለ 1 አሸነፉ። እነዚያን ልጆች ያሳደጋቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ነው። እዚያ እንደ ቡቴሬና ዊዬታ ያሉ የሴቶች ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከወረዳ ተነስተው እስከ አገር አቀፍ ይፋለማሉ። ስለዚህ አሠልጣኙ ቡድን ሲመርጥ ጨዋታ የለመዱ ልጆች ያገኛል። ይሄ ተአምር አይደለም፣ ሜዳ፣ ዳኛና ፕሮግራም ነው።

እኛም ባዶ አይደለንም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ20 ዓመት በታች ልጆቻችን ዩጋንዳ ላይ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች) ዋንጫ አነሱ። በዚያው ዓመት ለኮስታሪካው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ድረስ ሄደው ነው ጋና የጣለቻቸው። አንድ ዙር ነበር የቀራቸው! ስለዚህ ችሎታ የለም የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ያለውን የሴት ልጆች የእግር ኳስ ፕሮጀክት አግዛለሁ። የሚገጥሙት የሴት ቡድን ስለማይገኝ ከእነሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ወንዶች ጋር ነው የሚጫወቱት። ሜዳውን የሚያገኙት ወንዶቹ ሲጨርሱ ነው፣ ያኔ ደግሞ ይመሻል፣ ሲመሽ እናቶች ይጨነቃሉ፣ እውነታቸውን ነው። 14 እና 15 ዓመት ላይ አንድ በአንድ መቅረት ይጀምራሉ። ቤት ድረስ ሄጄ ስጠይቅ የምሰማው «ኳስ ምን ያመጣላታል?» የሚል ነው። ሎዛ አበራን እጠራለሁ፤ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ጎል ያዘነበች፣ ከዚያም አሜሪካ ዋሽንግተን የተጫወተች ልጅ ናት እላለሁ። «እሷማ ዕድለኛ ናት» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? ልጃቸው በሚቀጥለው እሁድ ከማን ጋር እንደምትጫወት እንኳ ልነግራቸው አልችልም።

ፌዴሬሽኑን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው ከ17 ዓመት በታች ቡድን ይያዙ፣ ቡድኖቹም የራሳቸው ሊግ ይኑራቸው። ሁሉም ከተማ ባይሆን አዲስ አበባና ሐዋሳ ላይ ይጀመር። ገንዘብ የለም የሚባለው አያሳምነኝም፤ ክለቦቻችን ለአንድ ወንድ ተጫዋች ፊርማ የሚያወጡት ብር ብቻውን ስንት ታኬታና መለያ ይገዛል። ትምህርት ቤቶችም ቢሆኑ የሴቶች ውድድር ሲያዘጋጁ ለይስሙላ አንድ ሳምንት አጫውተው አይተዉት።

እናንተንም ልውቀስ። ስለ አውሮፓ ዝውውር ግማሽ ገጽ ትሰጣላችሁ፣ የእኛ ታዳጊ ሴቶች ማጣሪያ ሲጫወቱ ሁለት መስመር። ማን ጎል አገባ፣ ከየት ክለብ መጣች፣ አይጻፍም። የዛምቢያዋ ባርብራ ባንዳ ኮስታሪካ በተካሄደው የ2014 እ.ኤ.አ. ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ከአገሯ ቡድን ጋር ስትሄድ ገና 14 ዓመት እየሞላት ነበር፣ ዛሬ ዓለም ያውቃታል። የእኛዋን 14 ዓመት ልጅ ስም ማን ጽፎት ያውቃል? ይሄን የሚያነብ አባት ልጁ በጋዜጣ ስሟ ወጥቶ ቢያይ ነገ ልምምድ እንዳትሄድ የሚከለክላት አይመስለኝም።

የሚቀጥለው ማጣሪያ ድልድል ሲወጣ ከማን ጋር፣ መቼና የት ስታዲየም እንደሆነ ቀድማችሁ አሳውቁን። የተጠሩትን ልጆች ስም ከነክለባቸው አትሙልን። ጨዋታው አዲስ አበባ ከሆነ የፕሮጀክቱን ልጆች ይዤ እመጣለሁ።

የታዳጊ ሴቶች ፕሮጀክት አጋዥ፣ ከአዲስ አበባ