አፑ ቢዘጋም ኢንቨርተሩ ይቆጥራል፦ የቆየ ኢንቨርተር ላላችሁ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የቆዩ የቤት ሶላር ኢንቨርተሮችን ምርት ስለ መከታተል

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ኢንቨርተራቸው (የፓኔሎቹን ዲሲ ኤሌክትሪክ ቤት ወደሚጠቀምበት ኤሲ የሚቀይረው ሣጥን) የቆየባቸው ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «አፑ ባዶ ሆነ፤ ኢንቨርተሩ ተበላሽቶ ይሆን?» ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ኢንቨርተሩ ሳይሆን ወሬ አድራሹ፣ ማለትም ምርቱን በስልክ የምታዩበት አፕና መረጃውን የሚያደርስለት መንገድ ነው። የአምራቹ ሰርቨር ይዘጋል፤ መረጃ መዝጋቢው የሚላላክበት የ2ጂ ወይም የ3ጂ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ አንዳንዴም ራውተር ሲቀየር የዋይፋዩ የይለፍ ቃል አብሮ ተለውጦ ነው። ፓኔሎቹ ግን ያመርታሉ፤ ኢንቨርተሩም ይቆጥራል። በአፑ ምክንያት ብቻ ደህና ኢንቨርተር አታስነቅሉ። ቁጥሩ የሚገኝባቸው ሌሎች መንገዶች አሉ።

ቀላሉ በኢንቨርተሩ ፊት ላይ ያለው ማሳያ ነው። አንዳንዱ ቁልፍ ሲጫኑት፣ አንዳንዱ ክዳኑን በጣት ሲያንኳኩት ይበራል። መብራቱ ከደከመ የስልክ መብራት በጎን በኩል ማብራት ብዙ ጊዜ ያስነብበዋል። በየተራ የሚያሳየው የአሁኑን ኃይል በዋት፣ የዛሬውን ምርት፣ እንዲሁም ከተተከለ ጀምሮ ያለውን ጠቅላላ ምርት ነው፤ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ «ኢ-ቶታል» በሚል ስም ይታያል። ሰው ዓይኑን የሚጥለው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ጠቅላላው ነው። ደመና ባለፈ ቁጥር አይዋዥቅም፣ አንድ ሳምንት ሳታዩት ብታልፉም የሚጠፋ ነገር የለም።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ይህን ቁጥር ደብተር ላይ አስፍሩ። ከጨለመ በኋላ ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ስለሚተኙ ማሳያውም አይበራም። ባለፈው ወር 18,412 የነበረው በዚህ ወር 18,790 ካለ በመካከሉ 378 ኪሎዋት ሰዓት ተመርቷል፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 12.6 ይሆናል። የፓኔሎቻችሁ ድምር 3 ኪሎዋት ከሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት በቀን 4.2 ይደርሰዋል። ይህን ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድሩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ የኢንቨርተሩ የውስጥ ቦርድ ሲቀየር ይህ ቁጥር ከዜሮ ሊጀምር ስለሚችል፣ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን ፎቶ አንሱት።

በየቀኑ ግራፍ ማየት ለምትፈልጉ እኛ የምንመርጠው በኢንቨርተሩ የኤሲ መስመር ላይ የራሱ የሆነ ዲጂታል ቆጣሪ ማስገባት ነው። ኢንቨርተሩ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ቢቀየርም እንኳ፣ ቆጣሪው ይቀጥላል። በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ከኢንቨርተሩ ብሬከር ቀጥሎ ይገጠማል፤ ሥራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የሚገዛው የሚገባውንና የሚወጣውን ለይቶ የሚቆጥር ይሁን። የማይለየው ዓይነት ኢንቨርተሩ ሌሊት የሚወስዳትን ጥቂት ዋት ሳይቀር እንደ ምርት ይደምራል። የትክክለኛነት ደረጃው «ክፍል 1» የሆነ ቆጣሪ ስህተቱ 1 ፐርሰንት ገደማ ነው፤ የኢንቨርተሩ የራሱ ልኬት ከዚህ የላላ ስለሆነ ሁለቱ በጥቂት ፐርሰንት ቢለያዩ አትደንግጡ፣ ቆጣሪውን እመኑ።

ቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች። በአጠገቧ 1000 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዷ ብልጭታ 1 ዋት ሰዓት ናት። በሁለት ብልጭታ መካከል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩና 3600ን ለእሱ አካፍሉ፦ 2 ሰከንድ ከሆነ 1800 ዋት እየተመረተ ነው። የተጻፈው 2000 ከሆነ 3600ውን በ1800 ተኩት። ያው የብልጭታ ምልክት ከቆጣሪው የፐልስ መውጫ በሁለት ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ትንሽ መዝጋቢ ውስጥ ይገባል፤ ግራፉ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ሽቦ ላይ የሚቆነጠጡት የአምፔር መለኪያዎች ርካሽና ለመግጠም ቀላል ናቸው፤ ሆኖም አምፔር ብቻ የሚለካውን ዓይነት አንመክርም። ቮልቴጁን ስለማያይ ግምት ይጠቀማል። ከዚህ የባሰው፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ሌሊትም የተወሰነ አምፔር ይስባሉ፤ 0.4 አምፔር በ230 ቮልት ሲባዛ 92 ይሆንና መሣሪያው በእኩለ ሌሊት 92 ዋት «አመረትኩ» ይላል። ቮልቴጅንም አብሮ የሚለካ ከሆነ ይህ ችግር የለም። ሲገጠም ፌዙን (ኃይል ተሸካሚውን ሽቦ) ብቻ ያቅፍ፤ ፌዝና ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) አንድ ላይ ካለፉበት እርስ በርስ ይጣፋሉና ዜሮ ያሳያል።

ሌላው መንገድ በትንሽ ኮምፒውተርና ፕሮግራም ኢንቨርተሩን በራሱ ቋንቋ ማነጋገር ነው። ብዙዎቹ ከሥራቸው አርኤስ485 የሚባል የመረጃ ኬብል መግቢያ አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ግን መግቢያው የሚሠራው ተጨማሪ ካርድ ሲገባበት ነው፤ ካርዱ ደግሞ ዛሬ ላይገኝ ይችላል፤ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን አረጋግጡ። ኬብሉ የተጠማዘዘ ጥንድ ይሁን፤ ረጅም ከሆነ በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሪዚስተር ይግባበት። መልስ ካላገኛችሁ መጀመሪያ ኤ እና ቢ የተባሉትን ሽቦዎች አቀያይሩ፤ አምራቾቹ ራሳቸው በስያሜው አይስማሙም፣ መቀያየሩም ጉዳት የለውም። ሞድባስ በሚባለው የመነጋገሪያ ቋንቋ የሚሠሩት ላይ የተለመደው የመላላኪያ ፍጥነት 9600፣ አድራሻው 1 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገራችሁ። ጠቅላላ ምርቱ ብዙ ጊዜ በሁለት ሬጅስተር (ቁጥር በሚቀመጥባቸው የማስታወሻ ቦታዎች) ተከፍሎ ይቀመጣል። ከላይ ያለው 18,412 በኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ሲቆጠር 184,120 ነው። የሬጅስተሮቹን ቅደም ተከተል ገልብጣችሁ ካነበባችሁ ወደ 348 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያወጣላችኋል፤ ይህኛው ወዲያው ያስታውቃል። የታችኛውን ሬጅስተር ብቻ ካነበባችሁ ግን 5,304.8 ይወጣል፤ እውነት ይመስላል፣ 6,553.5 ሲደርስም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ማሳያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ሳታመሳክሩ አትለፉ። ሌሊት ኢንቨርተሩ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ፕሮግራሙ ዜሮ እንዳይመዘግብ አድርጉ፤ አለዚያ ጠዋት ላይ ግራፉ ሰማይ ይነካል። በየ5 ደቂቃው መመዝገብ ይበቃል፤ በየሰከንዱ መጻፍ የሚሞሪ ካርዱን ዕድሜ ከማሳጠር ሌላ ትርፍ የለውም።

ግራፉ ሲገኝ ቅርጹን አንብቡ። በእኩለ ቀን ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ ኢንቨርተሩ አቅሙ ጣሪያ ደርሷል፤ ብልሽት አይደለም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ የሚጎድል ጥላ ነው፤ ዛፍ አድጎ ይሆናል። ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ድንገት ዜሮ ሆኖ ከደቂቃዎች በኋላ የሚመለስ ከሆነ የመስመሩን ቮልቴጅ አስለኩ፤ የቀጠነ ኬብል ወይም የላላ ማሰሪያ ቮልቴጁን ከፍ ያደርገውና ኢንቨርተሩ ራሱን ይነቅላል። ዝናብ ባደረ ጠዋት ብቻ ዘግይቶ የሚነሳ ከሆነ ማገናኛ ወይም ኬብል ውስጥ እርጥበት ገብቶ ኢንሱሌሽኑ (ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከለክለው ሽፋን) ደክሞ ይሆናል፤ ይህንን አታዘግዩት። በሞቃት ከሰዓት ቀስ እያለ የሚወርደው ሙቀት ነው፦ ፋኑንና የማቀዝቀዣ ክንፎቹን ከአቧራ አጽዱ። ምርቱ በአንድ ቀን ወደ ግማሽ ወርዶ እዚያው ከቀረ አንዱ የፓኔል መስመር ተቋርጦ ይሆናል።

የኢንቨርተሩን ክዳን ግን አትክፈቱ። ከፓኔሎቹ የሚመጣው ዲሲ በብዙ ቤቶች መቶዎች ቮልት ነው፤ ካፓሲተሮቹም ከተቋረጠ በኋላ ለደቂቃዎች ይይዙታል። ማጥፋት ካስፈለገ መጀመሪያ የኤሲውን ብሬከር፣ ቀጥሎ የዲሲውን ማብሪያና ማጥፊያ። የፓኔል ማገናኛዎችን በሥራ ላይ እያሉ መንቀል በቀላሉ የማይጠፋ የእሳት ቅስት ሊያስነሳ ይችላል።

እርዳታ ስትፈልጉ አራት ነገር ላኩልን፦ የኢንቨርተሩ ስም ሰሌዳ ፎቶ፣ መግቢያዎቹ የሚታዩበት የሥሩ ፎቶ፣ የብሬከር ሳጥኑ ፎቶ፣ እንዲሁም የዛሬው ጠቅላላ ቁጥር። የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣችሁ ከእነዚህ እንነግራችኋለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የቴክኒክ ክፍሉ