ስለ ሐሞቴ፣ ለልጄ

የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። የሐሞት ከረጢቴን በጠጠር ምክንያት ያወጡበት የኦፕራሲዮን ቁስሎች ደርቀዋል፤ ትናንት ፒያሳ ድረስ በእግሬ ደርሼ ተመለስኩ።

ማክሰኞ በስልክ ያልሽኝ ግን ከሆዴ አልወጣም። «እማ፣ ሐሞትሽን ቀደውብሽ ዝም አልሽ?» አልሽኝ። እያለቀስሽ ስለነበር መልስ አልሰጠሁሽም። ግማሽ ዕድሜዬን ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ መሣሪያ ሳቀብል እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እኔው ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ ሲያወጡት የተቀደደው ሐሞት የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። ሐሞቱን ወደ አንጀት የሚወስደው ቱቦ ቢጎዳ ከባድ ነገር ነበር፤ እሱ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው። የከረጢቱ መቀደድ ግን የተለመደ ነው። ከ100 ሰው ከ10 እስከ 40 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ ጥናቶች ይናገራሉ።

በላፓራስኮፒ ሲሠራ የሐኪሙ እጅ ሆድ ውስጥ አይገባም። ብዙ ጊዜ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ከረጢቱ ጉበት ሥር ተለጥፎ ስለሚኖር በመያዣ ጨብጦ መሳብ ግድ ነው። መያዣው ጥርስ አለው። ከረጢቱ በፈሳሽ ከተወጠረ ወይም ግድግዳው ከሳሳ ያ ጥርስ ይበሳዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪም አስቀድሞ ፈሳሹን በመርፌ የሚቀዳው። በመጨረሻም በጠባቧ ቀዳዳ ሲወጣ፣ ውስጡ ያለው ጠጠር ትልቅ ከሆነ እዚያም ይፈነዳል።

የኔ የተቀደደው ከጉበቱ ሲላቀቅ ነው። በደህና ሰው በሁለቱ መሃል ስስ ሽፋን አለ፤ ከረጢቱን ከጉበት የሚለየው ማቃጠያ መሣሪያ በዚያ በኩል ያልፋል። የኔ ግን ደጋግሞ ስለተቆጣ መለያው ጠፍቶ ነበር። የጥምቀት ዶሮ ወጥ ካመመኝ ጀምሮ «ጨጓራ ነው» እያልኩ ፌጦ ስጠጣ ከረምኩ፣ ነርስ ሆኜ! ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ከረጢቱ እየተጣበቀ ሄደ። የእጅ ልምድ ማነስና ጥድፊያም ያመጡታል፣ አልክድም። የኔን ሐኪም ግን በዚህ አልወቅሰውም።

ያስከፋኝ ሌላ ነው። ከረጢቱ መቀደዱን እስክጠይቅ ድረስ ማንም አልነገረኝም። የፈሰሰው ሐሞት ይታጠባል፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ጠጠር ግን ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ መግል ሊቋጥር ይችላል። ሕመምተኛው ካላወቀ ያኔ ሐኪሙም ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ኦፕራሲዮን ያደረገኝ ሐኪም ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። ተቀምጦ አስረዳኝ። ሐሞቱን በደንብ አጥበውታል፤ የታያቸውን ጠጠር ሁሉ ለዚሁ በሚያገለግል ትንሽ መያዣ ከረጢት ለቅመው አውጥተዋል። ይህንኑ በጽሑፍ ሰጠኝ።

ወረቀቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከአባትሽ ሰነዶች ጋር ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ እንዳታጠፊው። ድንገት ትኩሳትና የቀኝ ጎን ሕመም ከያዘኝ፣ የትም ሆስፒታል ብትወስጂኝ መጀመሪያ እሱን አሳዪልኝ።

እናትሽ፣ ከጎንደር